የቀን ገቢ ግምት

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት፣
ሠንጠረዥ አሰመርኩ፣ እንደ ድሮው ስሌት፤
ግብር፣ የአየር ጠባይ፣ ሰላም፣ የቤት ኪራይ፣
ከተሞች በተራ፣ ከታች እስከ ላይ።

"ማርቆስ ይቅርብን" አለች ትዋብ፣ ጉልበቷን አሽታ፣
"የጮቄ ብርድ እዚህ ያድራል፣ ካጥንቴ ሥር ተኝቶ ማታ ማታ።"
"እንጅባራስ?" አልኳት። "ዝናብ ከግንቦት እስከ ጥቅምት፣
እንጉዳይ ነኝ እንዴ፣ ከግንድ ሥር የምበቅል፣ ከእርጥበት?"

ባሕር ዳር ሙቀቱ ለጉልበት መድኃኒት፤
ደላላው ጡረታዬን ሙሉውን ሰምቶ፣
"ይኸ ለቀብዱ ነው?" አለኝ፣ በትሕትና ብዛት።

ፍኖተ ሰላም አለች፣ በስሟ የሰላም መንገድ ናት፤
መናኸሪያ ቆሜ ሦስት ቀን ጠበቅኋት።
"መንገዱ ተዘግቷል" አለኝ ረዳቱ።
"ሰላሙስ?" ስለው፣
"እሱማ ቀድሞ ሄዷል" አለ፣ ገመድ እየፈታ ከመኪናው አናቱ።

በሰላም ዓምድ ላይ ምን ቁጥር ይጻፋል?
አንዱ ሌሊት ተኩስ፣ አንዱ ሌሊት ቆርቆሮ፣ ጆሮ በምን ይለያል?

ትዋብ ዝም ብላ ወረቀቱን አየች፤
"አንድ ዓምድ ጎደለህ" አለች፣ እርሳሴን ወሰደች፤
በየከተማው ስም ትይዩ፣ በዚያ በመሠረተ ትምህርት እጇ፣
እኔ ያሸግኳቸውን ሱቆች ቁጥር ጻፈች።

ቡሬ አራት። ቢቸና ስድስት። ደጀን ሁለት።
አማኑኤል አንድ፣ እሱም የመበለት።
ሠላሳ አራት ዓመት እራት ላይ ያወራሁት፣
አውርቼ፣ ስቄ፣ እጄን ታጥቤ የረሳሁት፣
ቆጥራው ኖራለች።

ደምበጫን ባዶ ተወችው።
ስለ ደምበጫ ነግሬያት አላውቅም።

ግምት ነበር ሥራዬ። ከሱቅ ደጃፍ ቆሜ፣
የሰውን ቀን ስመዝን በዓይኔና በቀለሜ፤
ስኳሩ ስንት ኩንታል፣ ደንበኛው ስንት ራስ፣
ልጁ ጫማ ካለው፣ ጨምርበት፣ ይድረስ።

ደምበጫ ቤት አለ አሉኝ፣ ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮው ያልዛገ፣
ውኃ በሳምንት ሁለቴ፣ ጓሮው ጌሾ ዙሪያውን ያደረገ፤
አይበርድ፣ አይሞቅ፣ ለትዋብ ጉልበት በልክ የተሰፋ አየር።
በሩን የከፈተው ልየው ነበር።

ልየው፣ ባለ ጨርቃ ጨርቁ።
በቀን አራት ሺህ ይሸጣል ያልኩት፣ በአራት መቶ የማለው፤
ወረቀቱን በበሩ ላይ የለጠፍኩት፣ ማኅተሙን የመታሁት፣ እኔው።

አወቀኝ። ወንበር አወጣ። አስቀመጠኝ።
ከዚያ ከእግር እስከ ራሴ በዓይኑ ለካኝ፤
ጫማዬን አየ፣ የኮቴን ክርን አየ፣ ሰዓቴን አየ፣
አስተያየቱን አውቀዋለሁ፣ ከኔ ነው የወረሰው።

"እንግዲህ" አለ፣ "ኪራዩን ዛሬ እኔ ልገምት፤
አራት ሺህ። ቅሬታ ካለህ በአሥር ቀን ውስጥ ማመልከት፤
ቢሮው እዚያ ነው፣ ጌሾው ሥር፣ ያ ድንጋይ።"

"ብዙ ነው" ልል አፌን ከፈትኩ።
ያ ቃል ከባንኮኒው ወዲያ ማዶ እንዴት እንደሚሰማ
ያን ጊዜ አወቅሁ፤ መልሼ ዋጥኩ።

ለትዋብ ደወልኩ።
"አከራዩ ማን ነው?"
"ልየው የሚባል።"
"አላውቀውም።"
"አልነገርኩሽም።"
ዝም አለች። የመስመሩ ጩኸት ብቻ።
"ወንበር ሰጠህ?"
"ሰጠኝ።"
"እንግዲያው ጀሪካኖቹን ልጠብ፣ ዕቃ ልሸክፍ።"

የሦስት ወሩን ቆጥሬ ሰጠሁት፤ ምራቁን እንትፍ ብሎ ቆጠረ፣
ሸሚዙ ኪስ ከተተ፣ ቁልፉን ወረወረ።
ሠላሳ አራት ዓመት "ደረሰኝ! ደረሰኝ!" ስል የኖርኩት ሰው፣
ጌሾውን እያየሁ፣
ደረሰኝ አልጠየቅሁም።